እንብላ ስለው መጣ

«እንብላ» ማለት እኛ ዘንድ ሰላምታ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም። እየበላችሁ ሰው ሲያልፍ እንብላ ትላላችሁ፣ አላፊው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፣ ሁለታችሁም ክብራችሁ ሳይነካ ትለያያላችሁ። ነውሩ ዝም ብሎ መጉረስ ነው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው ስታይ «ጅብ እንኳ ተጠራርቶ ነው የሚበላ» ትል ነበር። እንብላ ሲባል እውነት መስሎት የሚጠጋ ደግሞ ወይ ረሃብ የጠናበት ነው፣ ወይ የሰው አገር ሰው። እኔ የምኖረው የሰው አገር ሰው መሀል መሆኑን አንድ ቅዳሜ ዘነጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሜፕልዉድ ከተማ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሀያት፣ ታሪክ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ ስትፈልግ ከረመች። «እዚህ ካጣሁ ቴክሳስ እሄዳለሁ» ማለት ጀምራ ነበር፤ እኔም ቴክሳስን ሳላያት ጠላኋት። በመጨረሻ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለሙከራ ጠራት። ሥራው ምን መሰላችሁ? ሴንት ፖል ውስጥ ድሮ ጣሊያኖች በሰፈሩበት ሰፈር ሰው በእግር እያዞሩ ከየምግብ ቤቱ ማቅመስ፣ መሀል መሀሉን ታሪክ መንገር። እኛ ልጅ ሆነን እየሄድን ስንበላ እንቆነጠጥ ነበር፤ እዚህ ትኬት ይቆረጥበታል።

የዚያን ቅዳሜ አለቃዋ ከኋላ ሆና ልታያት ነው። ካማረላት ሥራው የሷ ነው፣ ካላማረላት ቴክሳስ። እኔንም ይዛኝ ሄደች።

«አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ዝም ብለሽ ብቻ ብዪ» አለችኝ መኪና ውስጥ።

«መቼ ነው እኔ የተናገርኩት?»

ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።

ዳቦ ቤቱም አይብ ቤቱም በሰላም አለፉ። ሀያት ሂጃቧን አሳምራ ስለ ባቡር ሐዲድ ሠራተኞች፣ ምድር ቤታቸው ወይን ይጠምቁ ስለነበሩ አባወራዎች ስታወራ ግማሹ አልገባኝም፤ ራሴን ግን ለሁሉም ነቀነቅሁ። ቅር ያለኝ መሸምደዷ ነው። ቃሉ ከአፏ ይወጣል እንጂ ሰው ጋ አይደርስም። አንዷ ጎብኚ ስልኳን ማየት ጀመረች። አለቃዋ ክንዷን አጣምራለች። ላዛኛ ምን እንደሆነ ስታብራራማ ሳቄን ዋጥሁ። ደሴ ፒያሳ ላደገች ሴት ላዛኛ ይብራራላታል?

ለኔ ሥጋ የሌለበት ላዛኛ ተለይቶ መጣልኝ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመን፣ በሰው ልክ የታዘዘችውን አንድ አንድ ሳህን ይዘን መጉረስ ስንጀምር፣ ማዶ አንድ ሽማግሌ የቆሻሻ በርሜሉን እየጎተተ ብቅ አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

«ከም፣ ኢት» አልኩት።

ቆመ። «ሹር?» አለኝ።

እዚህ ላይ ማምለጥ ይቻል ነበር። ግን ሹር ነሽ ወይ ተብሎ አይደለሁም የሚል የደሴ ሰው ገና አልተወለደም። «በሞቴ» አልኩት በአማርኛ፤ ገባው። በርሜሉን አቁሞ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተሻገረ።

ትርፍ ሳህን ስለሌለ የኔን ሰጠሁት። ሀያት ንግግሯ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ዓይኗ ቴክሳስ ቴክሳስ ይላል።

ሰውዬው ጣሊያን አይደለም፣ ሞንግ ከሚባለው ብሔረሰብ፣ ከላኦስ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው እንደኔው ስብርብር ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ማዶ ያለው አረንጓዴ ቤት የሱ ነው። ጎብኚ ሲያልፍ በየቅዳሜው በመስኮት ያያል። «ቤቴን ፎቶ ያነሱታል፤ እኔን ሰላም ያለኝ የለም» አለ፣ ቅሬታም ሳይመስልበት፣ እያላመጠ። ቤቱን የሸጠችለት አንዲት ጣሊያን አሮጊት ናት። የጓሮዋን የወይን ሐረግ አደራ ብላው፣ በቋንቋ ሳይግባቡ፣ ክረምቱ ባለፈ ቁጥር እየመጣች እንዴት እንደሚገረዝ አሳየችው። «ስሳሳት እጄን ትመታኝ ነበር» አለና ሳቀ። «ወይኑ አለ። ታያላችሁ?»

ሀያት ወደ አለቃዋ ዞረች። አለቃዋ ሰዓቷን አየች። ልጅቷ ግን አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና ለሁሉም «ኑ፣ እንግባ» አለች።

ሐረጉ ጭን የሚያህል ግንድ አውጥቶ የብረት ቱቦ ላይ ተንተርሷል፤ ከጎኑ የሽማግሌው ቃሪያና ጠጅ ሣር። ሀያት የሸመደደችውን እዚያው ጣለችው። ሽማግሌውን ትጠይቃለች፣ መልሱን ለሰዉ ታቃናለች፣ ምድር ቤት ይጠምቁ የነበሩትን አባወራዎች ከግንዱ ጋር ታስተዋውቃለች። ያቺ ጎብኚ ስልኳን ቦርሳዋ ከተተች። እኔ ራሴ ዝም አልኩ፤ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

ጣፋጭ ቤቱ ዘግይተን ደረስን። ሁሉም ሲበተን አለቃዋ ሀያትን ለብቻዋ ወሰደቻት። ከሩቅ አያለሁ፤ የአለቃዋ ፊት አይፈታም። ሀያት መጥታ መኪና ውስጥ ገባችና መሪውን ጨበጠች።

«ምን አለችሽ?»

«ዘገየሽ አለችኝ። ያልከፈለ ሰው አበላሽ አለችኝ። እዚህ እንዲህ አይደረግም አለችኝ።»

ሰበብ ልፈልግ አፌን ስከፍት ቀጠለች።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌውን ቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ለሱም ሳህን እዘዢ አለችኝ።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ?» አልኳት።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አክስቴ። የሚቀጥለው ወርም።» ጥርሷ ሁሉ ወጣ።

«እንግዲያ እኔም እመጣለኋ።»

«አንቺ ቅዳሜ ሥራ የለሽም?»

«የለኝም።»

«ፈልጊ» አለችኝ፣ መኪናውን እያስነሳች።