ክር መራጩ ጎረቤቴ

ዕቃ መምረጥ ራሱ ሥራ የሆነበት ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? እኔ በአብዮቱ ዘመን ወሎ ሰፈር ሳለሁ ነበረኝ። መስፍን ይባላል፤ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ከውጭ አገር አንድ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ሁለት ጥቅል ክር ይዞ መጣ፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ለትንሽ ወንዝ የትኛው እንደሚሻል ሲያመዛዝን ዓመት ሞላው። እሑድ እሑድ እኔን ምስክር አቁሞ ግቢው ሣር ላይ ለሙከራ ክር ይወረውራል። ዓሣ? ዓሣማ በሕልሙም አልመጣም። "ኧረ ወስን!" እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ።

አንድ እሑድ ቤት ለቤት የሚፈትሹ የቀበሌ አሳሾች ጠመንጃ አንግበው ከተፍ አሉ። መሪያቸው ዘንጉን አየና፣

"ይሄ የሬዲዮ አንቴና ነው?" አለ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ከነገ ጀምሮ እስር ቤት ስንቅ ነው የሚመላለስለት። "የዓሣ ነው" ብሎ ቢገላገል ምናለበት? መስፍን ግን አዲስ ሰሚ በማግኘቱ ፊቱ በራ።

"ጓድ፣ ከባዱ ክር ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ ቀላሉን ደግሞ ነፋስ ይጫወትበታል። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጣሉ?"

ከባዱን ወረወረ። ቀላሉን ወረወረ። እንደገና ከባዱን። አሳሾቹ ሰልችቷቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ መሪው አዛጋ።

"ለመሆኑ ስትመርጥ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ዓመት።"

"ተነሱ ጓዶች፣ እንሂድ። ክር ለመምረጥ ዓመት የፈጀበት ሰው መንግሥት አይገለብጥም!"

በሩ ሲዘጋ ትንፋሼ ተመለሰ። መስፍን ግን ቅር ብሎት፣ "የትኛውን እንደሚመርጥ ሳይነግረኝ ሄደ እኮ" አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ "ወስን" ብዬው አላውቅም። እንዲያውም ወደ አንዱ ክር ያዘነበለ ሲመስለኝ፣ ቶሎ ብዬ ሌላውን አመሰግንለታለሁ።