አዎ፣ አይደለም፣ አይመለከተውም

በየመሥሪያ ቤቱ፣ የተጠየቀውን ከመመለስ ይልቅ ጠያቂውን መልሶ የሚያስጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ፍዳውን የሚያየው ግን ባልደረባው ነው። ቦንጋ ከተማ፣ ታንጉት በተመደበችበት መሥሪያ ቤት፣ እኚህ ሰው የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ክቡር ጋሽ አሞጽ ነበሩ።

ጋሽ አሞጽ ኮምፒውተር ተበላሸ ሲባሉ መፍቻ አያነሱም። ወንበር ስበው ይቀመጡና ችግሩን እንቆቅልሽ አድርገው ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ከዚያ በኋላ መጠየቅ የባለጉዳዩ ፋንታ ነው፤ እሳቸው ከሦስት መልስ ሌላ አያውቁም፦ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «አይመለከተውም»።

አንድ ሰኞ ኃላፊው አቶ በዛብህ ደብዳቤ ሊጽፉ ቢቀመጡ የ«ለ» ቁልፍ አልጫን አላቸው። የመንግሥት ደብዳቤ ያለ «ለ» እንዴት ይጀመራል? ጋሽ አሞጽ ተጠሩ። አገጫቸውን እየዳበሱ፣ አንድ ኃላፊ ቅዳሜ ማንኪራ መንደር ደርሰው ተመለሱ፣ ሰኞ «ለ» መጻፍ አቃታቸው፣ ለምን? አሏቸው። አቶ በዛብህ ስብሰባ ሰርዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቁ። በመጨረሻ ከማንኪራ ያመጡት ማር ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ቁልፉ ላይ ሲያንጠባጥብ መሰንበቱን ራሳቸው ደረሱበት። ገንዘብ ያዧ ደግሞ፣ ጠዋት ወረቀት እያኘከ ከሰዓት እንደ ጨዋ የሚያትመውን ፕሪንተር ምክንያት ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀባት። ወረቀቱ መስኮት ሥር እያደረ የቦንጋን ጉም ሲጠጣ ነው ለካ የሚነጋው።

የታንጉት ኮምፒውተር ግን የሁሉም አለቃ ነበር። ዝናብ በሰነበተበት ሳምንት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ፀሐይ በወጣበት ሳምንት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ይላል። በሌላው አገር ዝናብ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ እዚህ ፀሐይ ሲወጣ ኮምፒውተር ይጠፋል። ጋሽ አሞጽ ሊያዩት ሲመጡ ደግሞ ጤነኛ ይሆናል። ታንጉት ግራ እንደገባት ሁለት ዓመት ቻለችው።

የማትችለው ቀን መጣ። ባሏ ቀጸላና የአራት ዓመት ልጇ ሩሀማ ደብረ ታቦር ናቸው፤ ልጅቷ እናቷን የምታውቃት በስልክ ነው ማለት ይቻላል። የዝውውር ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት፣ ያውም በመሥሪያ ቤቱ መስመር ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ከሀ ይጀመራል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ለሥልጠና ዋጫ ከተማ ተጭነው ሄደዋል። ሦስት ቀን ሞክራ ሦስቱንም ቀን ጠፍቶባታል። ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ካመለጣት እስከ መጪው ዓመት ሌላ የለም። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል፣ ውጭው ጠራራ ፀሐይ።

ጋሽ አሞጽ ወንበር ሳቡ። ታንጉት በውስጧ ረገመቻቸው፤ ግን ሌላ ማን አላት? መብራቱ ነው? አይደለም። ቫይረስ ነው? አይደለም። ኔትዎርኩ? አይመለከተውም። እኔ ነኝ? አለች በመጨረሻ።

ጋሽ አሞጽ ትንሽ አሰቡና «አዎ» አሉ።

«እዚህ የማደርገው ነገር ነው?»

«አይደለም።»

«ቤት?»

«አዎ።»

ዝናብ ሲሆን ቤቷ ምን የተለየ ነገር አለ? ያጠበችው ልብስ አይደርቅም፣ ሌላ ምንም። ዓርብ ያጠበችው ሐሙስ ድረስ ገመድ ላይ ነው። ምን ታጥባለች? የራሷን ልብስ፣ አንሶላ፣ የኮምፒውተሩን ዳንቴል።

እጇን ሰደደች። በራሷ እጅ የሠራችው ነጭ ዳንቴል፣ አቧራ እንዳይገባ ብላ እየሠራችም የማታነሳው፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን እስከ ጀርባው ድረስ ሸፍኖታል። ጀርባው ይፋጃል። ፀሐይ ሲሆን ዳንቴሉ ባንድ ቀን ደርቆ ይመለሳል፤ ሳጥኑም መተንፈሻ ያጣል። ጋሽ አሞጽ ሲመጡ ደግሞ ሁልጊዜ በአክብሮት አጥፈው ያስቀምጡት ነበር፤ ዛሬ ግን ቸኩለው ሳይነኩት ወንበር ሳቡ።

ገፈፈችው። ሳጥኑ እስኪበርድ ጠብቃ እንደገና ከሀ ጀመረች። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ሠላሳም አለፈ። አሥራ አንድ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር አይደል?» አለች፣ ለመቆጣት እየተዘጋጀች።

ጋሽ አሞጽ ከወንበሩ ተነሥተው በሩን ገፋ አደረጉት። «አላውቀውም ነበር፤ የማሩንም አላውቅም፣ የወረቀቱንም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲሁ አዎ እላለሁ፣ እንዲሁ አይደለም እላለሁ፤ እናንተ ስትጠይቁ ስትጠይቁ ትደርሱበታላችሁ። አላውቅም ያልኩ ቀን ኮምፒውተሩን ጅማ ይልኩታል፤ እኔንም ወደ መጋዘን።»

ታንጉት የልጇ ነገር በግምት ላይ ተንጠልጥሎ እንደዋለ ገባት። ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው።

ዝውውሩ በሁለተኛው ወር ጸደቀ። ደብረ ታቦር ያለው ባለሙያ ጎበዝ ወጣት ነው። የታንጉት ኮምፒውተር እንቢ ባለ ቀን መጣ፣ በሦስት ደቂቃ ሠራው፣ ምን እንደነበረ እንኳ ሳይናገር ሄደ። ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ታንጉት ስልኳን አንሥታ ቦንጋ ደወለች።

ባሏም፣ ልጇም፣ ኮምፒውተሯም ደህና መሆናቸውን ስትነግራቸው ጋሽ አሞጽ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ጀመሩ። «አንዲት ሴት ባሏንም ልጇንም አገኘች፤ ኮምፒውተሯም ይሠራል። ግን በሥራ ሰዓት ስልክ ደወለች። ለምን?»

«መልሱን ያውቁታል፣ ጋሽ አሞጽ?»

መስመሩ ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማል።

«አላውቀውም» አሉ።

«እርስዎ ናፍቀውኝ ነው» አለች ታንጉት።