የተኛ ሰው ኖር አይልም

ሆስፒታል የገባ ሽማግሌ ምን ይጥለዋል ቢባል ሐኪም እርጥብ ወለል ይላል፣ ከፍ ያለ አልጋ ይላል፣ የዓይን መድከም ይላል። ልክ ነው፤ አልከራከርም። እኔ ግን ሸዋ ሮቢት አጎቴን ሳስታምም ያየሁት ጠላፊ ሌላ ነው። ይሉኝታ ነው።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ሲገባ የተቀመጠ ሰው «ኖር!» ብሎ ይነሳል፣ ገቢው «በእግዜር!» ይላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ያምራል። ወባ ጉልበቱን የጨረሰው ሰው ከረጅም የብረት አልጋ ላይ ሲያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው።

አጎቴ ጋሼ ዘለቀ በደርግ ጊዜ ወባ ጥሏቸው ሲገቡ ጠያቂያቸው የትየለሌ ነበር። የራሳቸው ሲያልቅ፣ ጎናቸው ለተኙት ለካራቆሬው ነጋዴ ለሐጂ የሚመጣው ይቀጥላል፤ ለሱም ይነሳሉ። እንግዳ የእኔ የሱ ተብሎ ይከፈላል እንዴ? በመጀመሪያው ቀን ወደቁ። በማግስቱም «ኖ...» ብለው ጀምረው ቀሪዋን ወለሉ ላይ ጨረሷት። ዳሌያቸው አበጠ። ሐኪሙ «አንዴ ከደገሙ በእግር መሄድ የለም» አለን።

ሲስተር ለመነቻቸው። «አባባ፣ በሽተኛ ባይነሳ ማን ይቀየመዋል?»

«ልጄ፣ ሰው ቆሞ እኔ ልጋደም? ከብት ነኝ?»

አሰብ አደረገችና «የተኛ ሰውስ ኖር ይላል?» አለች።

«የተኛማ አይልም።»

«እንግዲያው ጠያቂ ሲመጣ ይተኙ!»

ተስማሙ። ኮቴ ሲሰማ ዓይን ይከደናል፣ ማንኮራፋት ይጀመራል። ችግሩ፣ ጠያቂ ለተኛ ሰው አይጠነቀቅም። አንዱ በሬያቸውን ማን እንደሚገዛ አወጋ። አንዲት ዘመዳችን ለተዝካሩ ስንት እንስራ ጠላ እንደሚበቃ ታሰላ ጀመር። ጋሼ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ቻሉት።

በመጨረሻ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠብመንጃውን እንዳነገተ መጣ። እግርጌ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሽማግሌ ከእንግዲህ አይነሳም። መሬት ለአራሹ ነው፤ የወንዝ ዳሩን ማሳ ለሚያርስ ሰው እንሰጠዋለን።»

ያ ማሳ የቤተሰቡ ጉሮሮ ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ቢነሱ ዳሌያቸው፣ ባይነሱ መሬታቸው ሊሄድ ነው። ልይዛቸው ተወረወርኩ።

እሳቸው ግን ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ትራሳቸውን አደላድለው እግራቸውን ዘረጉ። «ለሕፃን እነሳለሁ። ላንተ ግን አልነሳም! መሬቱን ሰኔ ሲገባ መጥተህ እይ፤ ከበሬዎቼ ኋላ ታገኘኛለህ።»

ሰውዬው ገና ከበሩ ሲታይ ሰው ብድግ ማለቱን ለምዷል፤ ተጋድሞ የሚያናግረው አጋጥሞት አያውቅም። የጠያቂው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሲሆንበት «እሺ፣ እስከ ሰኔ» ብሎ ወጣ። ሐጂ ከኋላው «አላህ ያሽርህ!» አሉት፤ በሽተኛው እሱ ይመስል።

ሲስተር በልመና ያላስተማረቻቸውን ንዴት በአንድ ቀን አስተማራቸው። ለአንዱ መጋደም ከቻሉ ወዲያ ለሌላውም «ዛሬስ በተኛሁበት ይቅር በሉኝ» ማለት አላቃታቸውም። ዳግመኛ አልወደቁም፤ ሰኔም ሲገባ አረሱ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ታዲያ ድነውም መድኃኒቱን አልተዉትም። መንገድ ዳር ቆመው ሲያወሩ ሊቀመንበሩ ብቅ ካለ፣ «እግሬን አመመኝ» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጭ ይላሉ። በዚያ ዘመን ሰው በመናገሩ ይታሰራል፣ ዝም በማለቱም ይታሰራል፤ በመቀመጡ የታሰረ ግን አልሰማሁም። ቆይቶ ቆይቶ የመንደሩን ሽማግሌ ሁሉ እግሩን ያመው ጀመር።