ስምንት ስኒ ሻይና አንድ የመኪና ሙከራ

መኪናውን የሚሸጥ ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን ዳኛም፣ መርማሪም፣ ሐዘንተኛም ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ለጎረቤት መሰላል ሲያውስ የኖረ ደግ ሰው፣ «የሚሸጥ» የምትል ወረቀት የመኪናው መስኮት ላይ የለጠፈ ዕለት ዓይኑ ይጠብባል። ደጁን የሚያንኳኳው ሁሉ ሌባ ነው፤ ገና አልተረጋገጠበትም እንጂ።

እንዲህ ያለውን ሰው የማያውቅ የለም። የዚህ ዘር አውራ ግን በሰሜን ባሕር ዳር፣ ሆልመርዚል በምትባል መንደር ይኖር ነበር፦ ክቡር አቶ ኤይለርት፣ ጡረታ የወጡ የውኃ በር ጠባቂ፣ የአንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ባለቤትና ዘበኛ።

«ሰውን አምናለሁ» ይሉ ነበር፤ «የማላምነው ቁልፉን ነው።»

የአጥር ጎረቤታቸው ፌና ዳቦ ቤት ነበር የምትሠራው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሊጥ ስለምታቦካ፣ ከሰዓት በኋላ ዓለም ሁሉ ለእሷ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር፤ ሜዳው፣ ቦዩ፣ ባሕሩን በሚያግደው የአፈር ግድብ ላይ የሚግጡት በጎች፣ ሁሉም ነጣ፣ ራቅ ይሉባታል። ዓይን አፋር ናት። ሰው ፊት ለመናገር ቃሉን ሦስት ጊዜ በሆዷ ትለማመደውና በአራተኛው ትተወዋለች። አቶ ኤይለርትም በዚሁ ዝምታዋ ወደዷት መሰል፣ መኪናውን ለመሸጥ የቆረጡ ዕለት ምስክር አድርገው ሾሟት።

«አጎቴ ኤይለርት፣ እኔ ምን ላደርግ?»

«ምንም። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታያለሽ። ምስክር ያለባትን መኪና ይዞ የሚሮጥ ሌባ፣ ሌባ ብቻ አይደለም፤ ጠላፊ ነው። ያንን ደግሞ እሱም ያስብበታል።»

ሥርዓቱ ረጅም ነበር። ሊብሬው ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በታች ባለው መሳቢያ ይቆለፋል፤ መኪናዋ ውስጥ አይቀመጥም። ትርፉ ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ይውላል። ገዢው መንጃ ፈቃዱን በጉንጩ ልክ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ይደረግና አቶ ኤይለርት ፎቶውንና ፊቱን ያስተያያሉ። «አትሳቅ» ይላሉ፤ «ፎቶው ላይ አልሳቅህም።» ከዚያ «በሙከራው ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። ሁሉ አልቆ መሪውን ለገዢው የሚለቁበት ቅጽበት ደግሞ እንደ ቅዳሴ የከበረ ነው። ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ቁልፉን ይነቅላሉ፣ ቁልፉን ጨብጠው መኪናዋን ይዞራሉ፣ ከጎን ገብተው ቀበቷቸውን ያስራሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉን ያቀብላሉ።

«ሰው መኪናውን የሚነጠቀው ወንበር ሲቀያየር ነው» ይሏታል ፌናን። «አንዱ እግርሽ መሬት፣ አንዱ አየር ላይ ሳለ። ኑሮም እንዲሁ ነው።»

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሻይ አለ። የዚያ አገር ሰው እንግዳውን ሦስት ስኒ ሳያጠጣ ወደ ቁም ነገር አይገባም። ጠጠሩ ስኳር ስኒው ውስጥ ይገባል፣ ትኩሱ ሻይ ሲወርድበት ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ክሬሙ በዳር ተንጠባጥቦ እንደ ደመና ይወጣል፣ ማንም አያማስለውም። ማንኪያው ለማማሰያ አይደለማ! እንግዳው ሲበቃው ስኒው ውስጥ ያቆመዋል፤ «ይብቃኝ» ማለት ነው። እስኪያቆመው ይቀዳለታል። ባለቤቱም አብሮ ይጠጣል፤ እንግዳን ብቻውን ማጠጣት ነውር ነው።

አቶ ኤይለርት ይህንን የአያት ሥርዓት መመርመሪያ አደረጉት። አንድ ጡረተኛ መምህር ሁለተኛው ላይ ማንኪያውን ቢያቆሙ መኪናዋን ሳያዩ ተሸኙ። «ሁለት ጠጥቶ የሚነሳ ሰው፣ ማርሹንም ሁለት ላይ ትቶ የሚሄድ ነው» ተባለ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ሦስቱንም በሥርዓቱ ጠጥቶ «ብቻዬን ዞር ዞር ላድርጋት?» ቢል፣

«ብቻህን? ብቻ የሚኬደው ወደ መቃብር ነው!» ብለው እስከ አጥሩ ሸኙት።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ፌናም ስቃ ባለፈችው። ግን ባልትሩም ደሴት ላይ ቴዳ የምትባል ሴት ትጠብቃቸው ነበር። በስተርጅና የተገናኙ ናቸው፤ ሊጋቡ ነው። ልብሳቸውም፣ አልጋቸውም፣ ከአንዱ በስተቀር የሻይ ብራዶቻቸውም ሳይቀሩ ወደ ደሴቱ ተሻግረዋል። የቀሩት እሳቸውና መኪናዋ ናቸው። ደሴቱ ላይ መኪና አይገባም፤ በእግር ነው፣ በብስክሌት ነው፣ ቢበዛ በፈረስ ጋሪ። አቶ ኤይለርትም «መኪናዋን ልሽጥና እመጣለሁ» ካሉ ክረምቱ አልፎ የበጎቹ ግልገሎች ተወለዱ።

አንድ ሐሙስ ቴዳ ደወለች። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ስለነበር ፌናም ሰማች።

«ስንተኛው ገዢ ነው አሁን?»

«አሥራ አንደኛው። እጁ አላማረኝም።»

«ኤይለርት፣ ሌባ አይደለም የምትፈራው።»

«ታዲያ ምን ልፈራ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ቅዳሜ የስምንት ሰዓቱ መርከብ ላይ ካለህ አለህ። ከሌለህ መልስህን ሰጥተኸኛል ማለት ነው፤ ደግሜ አልደውልም። ወይስ እኔንም ወረቀት ልታስፈርመኝ ነው?»

ዘጋችው። አቶ ኤይለርት ስልኩን እንደ ታመመ ወፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሥራ ሁለተኛው ገዢ ከአውቶብስ ወረደ። ኮርቢኒያን ይባላል፤ ከደቡብ፣ ከተራራው አገር፣ የነፋስ ወፍጮዎች ሊጠግን የመጣ ረጅም ልጅ ነው። ጉንጩን ንፋስ አቅልቶታል። መንጃ ፈቃዱን ሳይጠየቅ አወጣ፤ አቶ ኤይለርት በዚህ ጥቂት ቅር አላቸው።

ሻይ ቀረበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኮርቢኒያን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ በአክብሮት እንዳስተኛው ነው። አራተኛው ተቀዳ። «በጣም ደስ ይላል» አለ ልጁ። አምስተኛው ተቀዳ። እሱ አገር የቀረበለትን መመለስ ነውር ነው፤ እዚህ ደግሞ ማንኪያው ካልቆመ አለመቅዳት ነውር ነው። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዲህ ተያይዘው ወደ ጥፋት ሄዱ። አቶ ኤይለርት ግንባራቸውን አላባቸው፤ ግን ስኒ በስኒ ተከተሉት። ፌና «ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አቁመው» ለማለት አፏን ሦስት ጊዜ ከፈተች፣ ሦስት ጊዜ ዘጋች። ልጁን ማሳፈር መሰላት። ስምንተኛው ላይ ብራዱ ራሱ እጅ ሰጠ።

«እንዲህ ያለ ጠጪ አላየሁም» አሉ አቶ ኤይለርት፣ በፍርሃትና በአድናቆት መካከል።

ሙከራው በግድቡ ሥር ባለው ጠባብ መንገድ ነበር። ፌና ራሷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች። ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ቤቶቹ ሥር የሌላቸው ይመስል ተንሳፍፈዋል፤ ግልገሎቹ ከነጭ ወጥተው ነጭ ውስጥ ይገባሉ። ኮርቢኒያን መሪውን የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው በቀስታ ነበር የሚያዞረው። ደስ አላት። ከዚያ የአቶ ኤይለርት አንገት ሲቀላ አየች።

«አቁም» አሉ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አቁም ብያለሁ!»

በሩን ከፍተው ወደ በጎቹ መጠለያ ሮጡ። አዎን፣ ሮጡ፤ በሰባ ሁለት ዓመታቸው። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉ አልተነቀለም። አሥራ አንድ ሰው የተባረረበት ሕግ በሙሉ በሻይ ተጥለቅልቆ ሄደ።

ወዲያው ከኋላ ረጅም ተጎታች የሚጎትት ትራክተር ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። መንገዱ ለአንድ ብቻ ነው። ኮርቢኒያን በመስታወቱ አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ማርሽ አስገባ።

«አትሂድ!» አለች ፌና። ከአፏ የወጣው ድምፅ ግን ለራሷም አልተሰማትም። ስትዞር አቶ ኤይለርት ከመጠለያው ጀርባ ብቅ ብለው በኋላው መስታወት ታዩዋት። እጃቸው ወደ ላይ ተነሳ፣ አየር ላይ ቀረ። እየራቁ አነሱ፣ አነሱ፣ ጭጋጉ ዋጣቸው።

ማለፊያ የተገኘው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የውኃው በር አጠገብ ነበር። ትራክተሩ አለፈ። ኮርቢኒያን ግን አልዞረም።

«ይቅርታሽን» አለ፣ ፊቱ ገርጥቶ፤ «እኔም ስምንት ነው የጠጣሁት።» ቁልፉን ነቅሎ እጇ ላይ ጣለላትና ወደ ቁጥቋጦው በረረ።

ፌና ቁልፉን ይዛ ቀረች። እንዲህ ያለ ሌባ የትም አልተሰማም።

ሲመለሱ አቶ ኤይለርት ግድቡ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ፖሊስ አልጠሩም። ጭጋጉ ወደ ባሕሩ በኩል ተገልጦ ደሴቱ እንደ እርሳስ ጭረት ቀጥኖ ይታያል። ፌና ዳገቱን ሮጣ ወጣች።

«አጎቴ፣ ትራክተር መጥቶ እኮ ነው! እሱ ምንም…»

«አየሁት።»

«ደነገጡ?»

«መጀመሪያማ የሰሌዳ ቁጥሯን ጮክ ብዬ ለበጎቹ ነገርኳቸው።» ፊታቸውን ወደ ደሴቱ አዞሩ። «ከዚያ ውስጧ ምን እንዳለኝ አሰብኩ። የምመልሰው ነገር ምን አለ ብዬ። አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺ ትመለሺ እንጂ ብረቱ ወደፈለገበት ይሂድ አልኩ። እዚህ ተቀመጥኩ፤ ሰማዩም አልወደቀም።»

ፌና ሣር ነጨች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አቶ ኤይለርት።

«ሰባት ተኩል።»

«ኮርቢኒያን!» ብለው ወደ ታች ጮኹ። «ና ፈርም! እጅህ አምሮኛል!»

ውሉን ኮፈኑ ላይ ተፈራረሙ። አቶ ኤይለርት የአንገታቸውን ቁልፍና የመሳቢያውን ቁልፍ አንድ ላይ አውጥተው ለፌና ሰጧት። «ክፍያው ሰኞ ሲገባ ሊብሬውን አንቺ ታስረክቢዋለሽ። እስከዚያ መኪናዋ ግቢዬ ትቁም። አደራ የአንቺ ነው» አሉና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ገቡ። እስከ ወደቡ ድረስ አንዴም «ፍሬን» አላሉም።

መርከቡ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። መወጣጫው ላይ እንደደረሱ አንድ እግራቸው መሬት፣ አንዱ አየር ላይ ሆኖ ቆም አሉ። ከዚያ ሁለተኛውም እግር ገባ።

ውኃው ሰፋ። ከመርከቡ ላይ አንድ ነገር ጮኹ፤ ነፋሱ ወሰደው። ማስጠንቀቂያ መሆኑ አያጠራጥርም።

ኮርቢኒያን የፊተኛውን በር ከፈተላት። «ግቢ፣ ላድርስሽ።»

ፌና ከበሩ ፊት ለፊት ቆመች። ቃሉን በሆዷ አልተለማመደችውም። «መጀመሪያ መንጃ ፈቃድህን» አለች።

«ጠዋት አይታችሁት የለም እንዴ?»

«እሳቸው ናቸው ያዩት። እኔ አላየሁም።»

ልጁ ሳቀ፤ አውጥቶ ሰጣት። ፌና መንጃ ፈቃዱን በሁለት እጇ ወደ ፊቷ አስጠግታ ያዘች። የካርዱን ፊት አየች፣ ጀርባውን አየች፣ እንደገና ፊቱን። መርከቡ ነጭ ነጥብ እስኪሆን ድረስ አላወረደችውም፤ ካርዱ እዚያ እስካለ ድረስ የረጠቡትን ዓይኖቿን ማንም አያይባትም ነበርና።