ሽማግሌ በቆመበት የሚያፈስ ጣራ

ጣራው የማያፈስ ሰው የለም! "የእኔ አያፈስም" የሚል ካለ፣ ወይ ክረምቱ ገና አልጠናበትም ወይ ሚስቱ ደብቃበታለች። አትቆጡኝ፤ የምለውን አውቃለሁ። ቡራዩ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የምሸጥ ሰው ነኝ።

አዎ፣ ሳቁ... ግድ የለም። ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ቆሜ "ሚስማሩን የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ምታው እንጂ ውኃ መውረጃው ላይ አትምታ! ከሚስማሩ ሥር ጎማዋን አትርሳ!" እያልኩ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያለውን ጣራ ስመክር እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ሳሎኔ መሃል ሳፋ ተቀምጦ ጠብ... ጠብ... ጠብ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ለወትሮው ሳፋ ገልብጬ እኖር ነበር። ሐምሌ ላይ ግን ባለቤቴ ጥሩዬ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

"እሁድ ለሜሮን ሽማግሌ ይመጣል" አለችኝ።

"ለየትኛዋ ሜሮን?"

"ስንት ሜሮን አለችህ? ለልጅህ ነዋ! ልጁ ገመቹ ይባላል፤ የሱሉልታ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ ሙያም አለው።"

"ምን ሙያ?"

"እ... የቴክኒክ ነገር ነው" ብላ ተነሳች።

እኔ ስለ ሙያው መቼ አሰብኩ? ያሰብኩት ስለ ጣራው ነው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው "የቆርቆሮ ሻጩ ቤት ያፈሳል" ቢሉ፣ ልጄ በአማቾቿ ፊት አንገቷን ልትደፋ ነው፤ እኔም ከዚያ በኋላ ማንን "ጎማዋን አትርሳ" ልል ነው? እሁድ ሳይደርስ ቀዳዳው መገኘት አለበት!

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። ሲዘንብ ጣራ ላይ አይወጣም፣ ያንሸራትታል። ሲያባራ ደግሞ ጣራው አያፈስም። ታዲያ መቼ ይገኝ? ራሴ ውኃ ላዝንብበት ብዬ ጎማ ዘርግቼ ቧንቧውን ብከፍተው... ፉፉፉፉ! አየር! የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ የእኛ ቧንቧ ይተነፍሳል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ!

"ኮርኒሱን ከፍተህ ከውስጥ ብታየውስ?" አለች ጥሩዬ።

"ቆርቆሮ ሻጩ ማነው? እኔ ነኝ አንቺ?" አልኳትና አፏን አስያዝኳት። ውኃው መሃል ሳሎን ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከመሃል ሳሎን በላይ ነው። አለቀ! ወጥቼ ሬንጅ ለቀለቅኩት። ዘነበ፤ ጠብ። ደገምኩት፤ ጠብ ጠብ። ሦስተኛ ሳደርገው ቆርቆሮዬ አስፋልት መስሎ ቀረ፤ ጠብታው ግን ባሰበት። ከድጡ ወደ ማጡ! የገፈርሳን ጦጣዎች ጠረጠርኩ፣ በረዶውን ጠረጠርኩ፣ የጎረቤቴን ባሕር ዛፍ ጠረጠርኩ።

አንድ ያልጠረጠርኩት ነገር ቢኖር ከማድ ቤቱ በላይ የቆመው ዲሽ ነው። እንዴት ልጠርጥረው? በበጋ የተከለልን ባለሙያ ወደር የለውም! ሱቅ ስለምውል በዓይኔ አላየሁትም እንጂ፣ ሜሮን "አባዬ፣ ዲሹ ቀን ቀን ምስል አይዝም" ስትለኝ "ጥሪው" እላለሁ፤ ይመጣል፣ ቦታ ይቀይርለታል፤ ማታ ስገባ ቴሌቪዥኑ ይሠራል። አራት ጊዜ ተመላልሶ አንድም ቀን የአገልግሎት ክፍያ አልጠየቀም። "በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው!" እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ አውርቼለታለሁ።

እሁድ ደረሰ፤ ሰማዩ ጠቆረ። እኔም ዘዴ ፈጠርኩ። ሶፋዎቹን በሙሉ ግድግዳ አስያዝኳቸው። ሽማግሌዎቹ ዳር ዳሩን ይቀመጣሉ፣ ጠብታው መሃሉን ምንጣፉ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ማን ያያል? ብልጠቴ ለራሴ ገርሞኝ ሳፋውን አልጋ ሥር ደበቅኩት።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ከፊት ያሉት መላጣው ኦቦ ቱሉ ናቸው።

"አካም ጅርቱ! ናጋዳ?"

"ናጋ! ናጋ! ይግቡ፣ ይቀመጡ!"

"የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

ወይኔ ደምሴ! ለካ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው! ያውም የት? መሃል ሳሎን!

ደንቡ ደግሞ ይታወቃል፤ የሴት ልጅ አባት ቶሎ እሺ አይልም። "ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ይላል። ንግግሬን ሦስት ቀን መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ይኸኔ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው።

"ልጃችን ገመቹ..." አሉ ኦቦ ቱሉ። ጠብ! መላጣቸው ላይ። በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ቀጠሉ። "ልጃችሁን ሜሮንን..." ጠብ!

"ኦቦ ቱሉ፣ በእመቤቴ ይቀመጡ!"

"እሺ ይበሉንና እንቀመጣለን።"

"መጀመሪያ ይቀመጡ!"

"መጀመሪያ እሺ ይበሉን!" ጠብ!

"እሺ! እሺ! ሰጥቻለሁ! ብቻ ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ይበሉልኝ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሦስት አራት ጊዜ ሊመላለሱ ቆርጠው የመጡ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጅቷ ጤነኛ ናት አይደል?" ሲል ሰማሁት።

ኦቦ ቱሉ ግን ተቀምጠው ራሳቸውን በጋቢያቸው እያደረቁ፣ "ሮብኒ ኤባዳ! ዝናብ በረከት ነው" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩና ዓይናቸው በራ። ለካ የድሮ አናጢ ናቸው!

"ቀዳዳው እዚህ አይደለም፣ ጌታው።"

"እዚሁ ነው እንጂ! ሦስት ጊዜ ሬንጅ..."

"ውኃ በገባበት አይወርድም። ይገባል፣ እንጨቱን ይዞ ይጓዛል፣ ሲመቸው ይወርዳል። እርጥቡን እንጨት ይከተሉ።"

በምርኩዛቸው ኮርኒሱን ገፋ አደረጉልኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ በስልኬ መብራት አየሁ። የእንጨቱ እርጥብ መስመር ከሳሎኑ ይነሳል፣ ግድግዳውን ያልፋል፣ ሽቅብ ማድ ቤቱ ድረስ ሄዶ... ዲሹ እግር ሥር! ጣራው አምስት ቦታ ተበስቷል! አንዱ ላይ ዲሹ ቆሟል፤ አራቱ ብሎናቸው ተነቅሎ ሰማይ ያሳያሉ። ሁሉም ደግሞ ውኃ መውረጃው ላይ!

ደሜ ፈላ። "ማነው ይሄ ጀዝባ! እጁ ይሰበር! ይሄን የበሳ ሰው እንኳን ቤት ሊሠራ ለውሻ ጎጆም አይታመንም!"

ማድ ቤት ውስጥ ትሪ ወደቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳል ያዛቸው። ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቀስ ይበሉ፣ ጌታው። ገመቹ ሙያው ዲሽ መትከል ነው። አሁን ልጄን ሰጥቻለሁ ያሉት ለእሱ ነው።"

ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ፣ ኋላ ግን አልቻሉም፤ ሳቁ። እኔም ምን ላድርግ? ሳቅኩ! ወርጄ ኦቦ ቱሉን አቀፍኳቸው።

ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ጥሩዬን ያዝኳት።

"ቆይ፣ አራት ጊዜ ቦታ ቀይሮ እንዴት ምስል አልይዝ አለው? ሙያውን አያውቅም ማለት ነው?"

"ኧረ ተው!" አለች ሳፋውን ከአልጋ ሥር እየሳበች። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር። ያልታየው ላንተ ብቻ ነው!"