ክቡር አቶ ይጣራ ባዝራ ሲያሻሽጡ

በየቤተሰቡ አንድ የማያምን ሰው አለ። በእኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ። እንደምን አደርክ ሲሉት "ምን ፈልገህ ነው?" የሚል፣ ስጦታ ሲሰጡት ማሸጊያውን አገላብጦ የሚያይ፣ ሐኪሙ ደህና ነህ ሲለው ቅር ብሎት ወደ ሌላ ሐኪም የሚሄድ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ባይኖር እኛ የምናምነው የለበስነውን ሳይቀር ተገፈን ነበር።

በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በባንክ ገንዘብ ከፋይነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጥርጣሬያቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ምንም ነገር ቢነገራቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ይጣራ!" ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ "ክቡር አቶ ይጣራ" ብሎ ሾሟቸዋል። ሬዲዮው ዛሬ ይዘንባል ሲል እጃቸውን በመስኮት አውጥተው "ይጣራ" ይላሉ። እኔ የተወለድኩ ዕለት ከአዋላጇ እጅ ተቀብለው ፊቴን ሲመረምሩ ቆይተው "እርግጠኛ ናችሁ፣ የኛ ነው?" ብለዋል ይባላል። እናቴ ይህችን እስከዛሬ ይቅር አላለቻቸውም።

ታናሽ እህታቸው፣ አክስቴ፣ የተገላቢጦሽ ናት። ለማያውቁት ሰው ቁልፍ ሰጥታ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከከተማው ዳር ባለው ግቢ ውስጥ ከአንዲት ባዝራ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗን የጋረደው ሞራ ከዓመት ዓመት እየወፈረ መጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ተቀምጣ የምታየው ደብዘዝ ያለ ብርሃንና በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ደመና ወርዶ ሣር የሚግጥ ይመስለኛል" ትለኝ ነበር፤ ደመናዋ ባዝራዋ ነበረች። እኔም አጠገቧ ስቀመጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝና፣ በጭጋጉ ውስጥ የኮቴውን ድምፅ እየሰማሁ የት እንዳለሁ ይጠፋኝ ነበር።

ሐኪሙ ሞራው በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል አለ። ክፍያው ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ፤ በግቢው ውስጥ ዋጋ የሚያወጣ ነገር ደግሞ ባዝራዋ ብቻ ነበረች። አክስቴ የባዝራዋን አንገት አቅፋ ብዙ ከቆየች በኋላ "በል ማስታወቂያ አውጣልኝ" አለችኝ። ፎቶ አነሳሁ። ቃሉን እሷ አስጻፈችኝ፦ ግራጫ ባዝራ፣ ጸባየ ሸጋ፣ ልጅ የማትገፋ። እንዳለችኝ ጽፌ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሕልም ናቸው። ፊት የሌላቸው ሰዎች ግቢውን ሞሉት። ሁሉም በስልኩ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሁሉም ሩቅ አገር ናቸው፤ ሁሉም ይቸኩላሉ። የመጀመሪያው የመርከብ አዛዥ ነኝ የሚል ሰው ነበር። ባዝራዋን ሳያያት እንደወደዳት፣ ከዋጋው አስበልጦ ቼክ እንደሚልክ፣ ትርፉን እኛ ለሚጭናት ድርጅት እንድናስተላልፍለት ጻፈ። ለአክስቴ ሳነብላት "እንዴት ያለ ቸር ሰው ነው!" አለች።

ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሱ።

"ስለ ጥርሷ ጠየቀ?" አሉኝ።

"አልጠየቀም።"

"ስለ ኮቴዋስ?"

"ኧረ እሱም የለም።"

"እንግዲያው ይሄ ሰውዬ የመጣው ለፈረስ አይደለም። ጻፍ! ባዝራዋ እግሯ ሦስት ነው በለው።"

ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ምንም ችግር የለውም፣ በጣም ተስማምታኛለች።"

አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። "የሱ ቼክ ከቀናት በኋላ በሒሳቡ ገንዘብ የለውም ተብሎ ይመለሳል፤ ከኛ ኪስ የወጣው ትርፍ ግን ላይመለስ ሄደ ማለት ነው" ብለው አስረዱንና የመርከብ አዛዡን ከነመርከቡ አሰናበቱት።

ሁለተኛው ድምፁ ማር የሆነ ሰው ነበር። አጎቴ ቤታቸው በተመለሱበት ቀን ደውሎ አክስቴን "እማማ፣ ብሩን ልኬያለሁ፣ ደረሰኙን በስልክዎ ይመልከቱ" አላት። እኔም ደረሰኙን አየሁ፤ ማኅተሙ ሳይቀር ያምር ነበር። ከሰዓት በኋላ መኪና በር ላይ ቆመ። አክስቴ ባዝራዋን ፈትታ፣ ጋማዋን አበጥራ፣ ልትሰጥ ገመዱን ይዛ ሳለ ክቡርነታቸው እያለከለኩ ገቡ። ስልክ ደውዬላቸው ስለነበር ከአውቶቡስ ወርደው የመጡት እየሮጡ ነው።

"ገንዘቡ ገብቷል?"

"ደረሰኙ ይኸው፣ ጋሼ" አለች አክስቴ።

"ደረሰኝማ ሥዕል ነው! እኔ በሥዕል ፈረስ ጋልቤ አላውቅም። ይጣራ!"

ባንክ ድረስ ሄደው አጣሩ። በአክስቴ ሒሳብ ውስጥ የገባ ነገር የለም። ሹፌሩም በስልክ ታዞ የመጣ ምስኪን ነበር፤ "የኔስ የነዳጅ?" ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። አጎቴ መንጃ ፈቃዱን ከፊትም ከኋላም ከመረመሩ በኋላ ምሳ ጋበዙት።

አክስቴ ግን ባዝራዋን መልሳ አሰረቻት። "ድምፁ እኮ ደግ ነበር" አለች። "ይቅርብኝ ጋሼ። ዓይኑም ይቅርብኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ከሆነ አይቼስ ምን ላተርፍ?"

ክቡር አቶ ይጣራ አጠገቧ ተቀምጠው ጉልበቷን መታ መታ ሲያደርጉ አመሹ። የምትድንበት ገንዘብ ካልተገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ያቺ ደመናም እንደምትጠፋባት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ሰው ፈረስ ግልቢያ የሚያስተምር ነኝ ብሎ ደወለ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። "ማስታወቂያችሁ ግራጫ ይላል፣ ፎቶው ላይ ግን ነጭ ናት። ፈረሷ የእናንተ ናት ወይስ ፎቶውን ከሆነ ቦታ አንስታችሁት ነው?"

አጎቴ የስልኩን አፍ በእጃቸው ከድነው ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው በርቷል። "ይጠራጠራል!" አሉ በሹክሹክታ። "ሰው ተገኘ!" ከዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ሲመረማመሩ ዋሉ። እሱ ስለ ጥርሷ፣ እሳቸው ስለ ሥራ ቦታው፤ እሱ ስለ ኮቴዋ፣ እሳቸው ስለ አባቱ ስም። እንደ እጮኛሞች መለያየት አቃታቸው።

ስልኩን ሲዘጉ ግን ደስታቸው ጠፋ። "ለምንድነው ግራጫ ብለህ የጻፍከው?"

"አክስቴ ናት ያለችኝ።"

ወደ ግቢው ተመለከቱ። ባዝራዋ ከአጥሩ ሥር እንደ ወተት ነጥታ ቆማለች። ግራጫ ፈረስ ሲያረጅ ከዓመት ዓመት እየነጣ እንደሚሄድ ያን ዕለት ከሳቸው ተማርኩ። "እሷ ስትነጣ፣ የእህቴ ዓይን ሲጨልም" አሉ ቀስ ብለው። "አላየቻትም እኮ።"

አስተማሪው መጣ። የባዝራዋን አፍ ከፈተ፣ ኮቴዎቿን አነሳ፣ ግቢውን ዞረባት። ከዚያ እዚያው ቆሞ ዋጋዋን በስልኩ ላከ። እኔና አጎቴ እሱን ከአክስቴ ጋር ትተን ባንክ ሄድን። ገንዘብ ከፋይዋ ሥራውን ከሳቸው የተማረች ናት፤ "ገብቷል ጋሼ፣ አሁኑኑ ማውጣት ይቻላል" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተመልሰን ስንመጣ ሰውየው ገመዱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ገንዘቡ ገና አልገባም። ጥቂት ቀን ይፈጃል ብለውናል።"

አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ። ሰውየው ስልኩን አየ፤ ገንዘቡ መድረሱ እዚያ ላይ ተጽፏል። የአጎቴን ጆሮ አየ፤ ቲማቲም መስሏል። ከዚያም ፊቷን በባዝራዋ አንገት ውስጥ ቀብራ የቆመችውን አክስቴን አየ። ከሷ ጋር ሲያወራ ቆይቶ ነበርና የገባው ይመስለኛል።

"እሺ ጋሽዬ" አለ። "ባንክ አንዳንዴ እንዲህ ነው።"

እንግዲህ ያን ያህል አጭበርባሪ ሞክሮን፣ በክፍያ ነገር ሰው ፊት ቆመው የዋሹት ክቡር አቶ ይጣራ ሆኑ። የሐኪሙንም ከዚያው ከገባው ገንዘብ ሲከፍሉ ለአክስቴ "ለጊዜው ከጡረታዬ ነው" አሏት። ውሸቱ አልሆነላቸውም፤ ሁለቱንም ጊዜ አላባቸው።

ከሕክምናው በኋላ ፋሻው ተነስቶላት ወደ ቤት ስንመልሳት ጠዋት ነበር። አስተማሪው ቀድሞን ደርሶ ከአጥር ውጭ ቆሟል፤ አልገባም። አክስቴ እጇን ከእጄ አላቅቃ ብቻዋን ተራመደች። ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ባዝራዋ ቀና አለች።

"አንቺ ነሽ?" አለች አክስቴ። "መቼ ነው እንዲህ የነጣሽው? ሳላይሽ አረጀሽ?"

ዙሪያዋን ዞረቻት። ቅንድቧን፣ የጉልበቷን ጠባሳ፣ በነጩ ጸጉር ላይ የተረፉትን ጥቂት ግራጫ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ነካች። አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ከዚያ ወደ አጎቴ ዘወር አለች።

"የዘንድሮ ባንክ እንዲህ ይዘገያል ጋሼ?"

"አይ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል" አሉ አጎቴ መሬት መሬት እያዩ።

ገመዱን ራሷ ይዛ ወጥታ በሰውየው እጅ አስቀመጠች። "በል ውሰዳት" አለችው። "አሁን ሄደች ሲሉኝ፣ ማን እንደሄደች አውቃለሁ።"

ኮቴው በመንገዱ ላይ እየራቀ እየራቀ ሄደ። አጎቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን የበሩን ማጠፊያ ይመረምሩ ጀመር። "ይሄ ማጠፊያ ላልቷል" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። ማጠፊያው ምንም አልሆነም። እኔም አጠገባቸው ጎንበስ አልኩና፣ "እውነትም ላልቷል" አልኳቸው።