አንዲት ፊደል የጎደላት ሙሾ

ጠፋ የተባለ ነገር ሁሉ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቴን ባቋርጥም ይህችን ተምሬያለሁ፤ ያውም እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ተቀጥሬ ከምተይብበት ከጋሽ ተሰማ ሱቅ። ኮምፒውተሩ ፊቱ ጥቁር፣ ማውስ የሌለው፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ነው። አንዳንዴ አንቱ ልለው ይቃጣኛል።

እትዬ ብርቅነሽ ስመ ጥር አልቃሽ ናቸው። የዛሬ ልጅ ሙሾ ስለማያውቅ፣ ሲሞቱ የሚባልላቸውን ራሳቸው ነግረው አስጻፉኝ። በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ መጻፍ ሟርት አይደለም ትላላችሁ? ያውም ከሠርግ መጥሪያና ከክርስትና ጥሪ ጋር በአንድ ማውጫ ውስጥ! ያውም ልጄን አዝዬ! ማተሚያው ሲንጣጣ ስሰማ፣ በወረቀት ከወጣ ይበቃል ብዬ ከማሽኑ ደመሰስኩት።

ለካ የማተሚያው የቀለም ሪባን ደርቋል። ወረቀቱ ባዶ ወጣ።

እትዬ ብርቅነሽ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ወረቀቱን አገላበጡት። ቀስ ብለው፣ እንግዲህ ደግሜ አልነግርሽም ልጄ፣ መርሳት ይዞኛል፣ ግማሹ ከልቤ ወጥቷል አሉኝ። አገር ያስለቀሰ አፍ ለራሱ ዲዳ ሊሆን ነው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ተሰማ አልተቆጡም። እጅሽን አንሺ፣ አንዲት ቃል እንዳትጽፊበት አሉ። ይህ ማሽን ሲደመስስ ሰነፍ ነው፤ የጽሑፉን ገላ አይነካም። የጽሑፎቹ ስም ከተዘረዘረበት ማውጫ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይፍቅና ቦታው ባዶ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላ ጽሑፍ እስኪሰፍርበት ያው እዚያው ነው። ባለቤቱ ሞቷል ተብሎ ድንበሩን ጎረቤት ገና ያልገፋው መሬት ማለት ነው አሉኝ።

ዓይናቸው ደክሟልና ከቢጫ ማስታወሻ ደብተራቸው እየተጠጉ አነበቡልኝ፤ እኔ ዲስኩ ላይ ሳላስቀምጥ ጻፍኩ። ዲስኩን በስም ሳይሆን በቀጥታ፣ በቦታ ቁጥሩ የሚገልጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አንዲት ቁጥር ብስት የሠርጉም የክርስትናውም ማውጫ አብሮ ይሄዳል። ማውጫው ተገለጠ፤ ከስሞቹ መካከል አንዱ ራስ የለውም። ፊደሉን መለስኩለት። ሙሾው አጭር ስለነበር የያዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤት አለው ብዬ አስመዘገብኩ። ከዚያ ከፈትኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩ፦

የሰው እንባ ስጠርግ አልቆ መቀነቴ፣
በምን ሊያብሱ ነው በዕለተ ሞቴ?

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ።

እትዬ ብርቅነሽ ግን እንባም አልወጣቸው፤ ሥራቸው ነዋ! አዲስ ሪባን አስገብተሽ አትሚው፣ ውስጡም ይቀመጥ፣ ሁለተኛ፣ ቀኔ ሳይደርስ እንዳትገድዪኝ አሉ። ቀጥለውም በፍቅር አይተውኝ፣ መልካም ልጅ ነሽና ላንቺም አንድ ልግጠምልሽ፣ በይ ጻፊ አሉኝ።

የማሽኑን ሆድ ዕቃ የገለጥኩት ጀግና፣ ልጄ ርቧታል ብዬ ከሱቁ ወጣሁ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ጠግባ ተኝታለች።